ሁለት ሱባዔ መርፌ ሳይነካው

ሽመክት ከጥምቀት በኋላ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አያቱ እማማ ጌታነሽ ከሁሉ አስቀድመው ያዩት ዓይኑን ነው። ሻንጣ የሚያይ ሌላ ሰው ሞልቷል፤ አያት የምታየው ዓይን ነው። ያ ነጭ የነበረው የዓይኑ ክፍል የእንቁላል አስኳል መስሏል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉት፣ ገና ደጃፉን ሳይሻገር።

«ምንም። እኛ ማተሚያ ቤት ያለን ቀለም አራት ነው፣ እምዬ። ቢጫው እኔ ላይ ተደፋ።»

«ቀልድህን ለቢጤዎችህ! ና ወደ ብርሃኑ። ምላስህን አውጣ።»

አወጣ። እጁን አገላብጠው አዩ፤ ጥፍሩን አዩ፤ ሸሚዙን ገልበው ሆዱን ዳበሱ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ጎልማሳ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የማተሚያ ቤት ሥራ ክንዱ የፈረጠመ ሰው፣ እንደ አራስ ልጅ ተገላበጠላቸው። ምን ያድርግ! እናቱ የሞተችው እሱ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ እኅቱ ሐና ገና ጡት ላይ ሳለች ነው። አባቱም ሌላ አግብቶ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው።

ክንዱ ግን ከስቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ሰውነቱን ያሳክከዋል፤ በማበጠሪያ ጀርባውን ሲያክ ደም ጠብ ይላል። ጠዋት ከጓሮ ሲመለስ እማማ ጌታነሽ እሱ እንዳያያቸው ተደብቀው ሄደው አፈሩን አዩ። የጠቆረ ጠላ የተደፋበት ይመስላል።

«የወፍ በሽታ ነው» አሉ ለራሳቸው፤ ልባቸውም ትንሽ አረፈ። የወፍ በሽታ የሚታወቅ በሽታ ነዋ። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ መድኃኒቱን የምታውቀውም ሴት ከጋራው ማዶ አለች።

ሽመክት ግን መሐል ሜዳ ከተማ እንደወረደ፣ እዚያው አስተማሪ የሆነችው ሐና እጁን ይዛ ሐኪም ቤት አስገብታው ነበር። ሆዱን በማሽን ካዩት በኋላ «የሐሞት መውረጃህ ተዘግቷል፤ ከሦስት ቀን በላይ እንዳትቆይ፤ ደብረ ብርሃን ሂድ» ብለው ሪፈር ጻፉለት። እሱም ወረቀቱን ጃኬቱ ኪስ ከትቶ፣ «መጀመሪያ እምዬን ልይ» ብሎ የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በእግሩ መጣ።

እማማ ጌታነሽ ጃኬቱን ሊያራግፉ ሲያነሱት ወረቀቱን አገኙት። አምስተኛ ክፍል የደረሱ ሰው ናቸው፤ ዳዊታቸውን በየጠዋቱ ይደግማሉ። የእንግሊዝኛውን አለፉት። ከሥር ሐና በአማርኛ የጻፈችውን ግን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ «ሳይበላ ይቅረብ። ደም ይሰጣል። በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ይችላል።»

መርፌ!

በዚያ አገር የወፍ በሽታ መርፌ እንደማይወድ የማያውቅ የለም። እማማ ጌታነሽ ደግሞ ወሬ ሰምተው አይደለም፤ በዓይናቸው አይተዋል። ታላቅ ወንድማቸው ወዳጆ በደርግ ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ክሊኒክ ገባ፤ በመርፌ ወጉት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። በመርፌው ይሙት በበሽታው የመረመረ የለም። እሳቸው ግን ከመርፌው ጋር ሲጣሉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

ወረቀቱን አጣጠፉና ዳዊታቸው መሐል ከተቱት። ለክፋት አልነበረም። ለጥቂት ቀን ነው፤ ልጁ መድኃኒቱን እስኪወስድ፣ ዓይኑ እስኪጠራ።

ከጋራው ማዶ ያሉት ባለመድኃኒት ወይዘሮ አማከለች የሽመክትን ጥፍር ተጫን አድርገው አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። ደግ ሴት ናቸው፤ ለመድኃኒታቸው ከአንድ ቁና ገብስ በላይ ተቀብለው አያውቁም።

«ሁለት ሱባዔ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ቅቤ የለም፤ እንቁላል የለም። አሥራ አራቱ ቀን ሳይሞላ መርፌ ከነካህ ግን እኔ የለሁበትም።»

«የልብስ መርፌ ቢሆንስ፣ ወይዘሮ አማከለች? ቁልፌ ተበጥሷል።»

«አንተን የሚገድልህ ምላስህ ነው!» ብለው ሳቁ። እማማ ጌታነሽ ግን አልሳቁም። በዚህ ነገር አይቀለድም።

ሽመክት በመድኃኒቱ አምኖ አልነበረም የጠጣው፤ አያቱን ደስ ይበላቸው ብሎ ነው። «ሦስት ቀን እጠጣልዎታለሁ፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ጃኬቱን አነሳ። ኪሱን ፈተሸ። ሻንጣውን ገለበጠ። መደቡ ላይ ያለውን የሱፍ ባና ሁሉ አራገፈ።

«እምዬ፣ ወረቀት አላዩም? እዚህ ኪስ ነበር የከተትኩት።»

«የምን ወረቀት?» አሉ እማማ ጌታነሽ፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መልሰው። «ትገኛለች። ምን ያጣድፍሃል?»

ለሐና ደወለ። «ና ውረድ፣ እናስጽፍልሃለን» አለችው። ሊወርድ ተነሳ፤ ከአጥሩ አለፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከዳው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ አራት ቀን መኪና አልወጣም አልገባም። እማማ ጌታነሽም በየጠዋቱ መራራውን ዋንጫ እያቀረቡ፣ «ጀምረኸዋል፤ ጨርሰው፣ የኔ ጌታ» ይሉታል። ሰው ሲደክመው የሚለምነውን እሺ ይላል፤ እሺ አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው። ሁለት ባና ደረቡለት፤ በርኖስ ጨመሩበት፤ መደቡ እስኪንቀጠቀጥ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። እጃቸውን ግንባሩ ላይ ቢያሳርፉት ምጣድ ነው። «ማሽኑን አቁሙት፤ ወረቀቱ ተጣጥፏል» እያለ ይቃዣል። እማማ ጌታነሽ ይህን ሲሰሙ ዳዊታቸውን በጥርሳቸው ሊቀድዱት ደረሱ። ወረቀቱን አወጡ። ለሐና ደወሉ።

«ሪፈሩ ተገኘ!» አሏት። «ከባናው ሥር ወድቆ አገኘሁት!»

ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ አደረሰው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ላኩት። የተዘጋው ሐሞት መርቅዞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ፤ ለሐሞቱ መውረጃ ቱቦ አስገቡለት፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ዓይኑም ቀስ በቀስ ነጣ። አብረውት የሄዱት እማማ ጌታነሽ «ተመስገን» ብለው ሳይጨርሱ ሐኪሟ መጣችና አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ ደግ ወሬ እንደማያወራ ያን ቀን አወቁ።

የሐሞት መውረጃው ላይ ዕጢ አለ፤ ካንሰር ነው። ወደ ጉበቱም አልፏል። በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም። ሐኪሟ ይህን ቀስ ብላ ነገረችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ሽመክት?»

«ማተሚያ ቤት ነኝ። ምድር ቤት፣ ማሽኑ ላይ።»

«ማሽኑን በምን ታጥባላችሁ?»

ሽመክት ፈገግ አለ፤ ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው ባገኘ ቁጥር ደስ ይለዋል። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ቀለም የሚቀባውን ሮለር በማጠቢያ ፈሳሽ በተነከረ ጨርቅ እንደሚጠርጉት ነገራት። የሠርግ ወቅት ሲሆን፣ የመጥሪያው ካርድ ሲበዛ፣ በቀን ሃያም ሠላሳም ጊዜ። ፈሳሹ በበርሜል ይመጣል። ሽታው ጣፋጭ ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያዞረዋል፣ ያስታውከዋል፤ በወሩ ይለምደዋል።

«መስኮት አላችሁ?»

«አንዲት ነበረችን። ነፋሱ ወረቀት ያንቀሳቅሳል ተብላ ተደፈነች።»

«ጓንትስ?»

«ያቀልጠዋል። ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው።»

ሐኪሟ ጻፈች። «ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሽማግሌ ነው» አለችው። «በሌላ አገር በእንዲህ ያለ ማተሚያ ቤት የሠሩ ወጣቶች ግን በዚሁ ታመዋል፤ ተጽፏል። ያንተም ከዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም። አብረውህ ለሚሠሩት ግን ንገራቸው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሰውነቱን የሚያሳክከው፣ አንድ ቀን ሳያድር ይምጣ።»

ስትወጣ እማማ ጌታነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ ተከተሏት፤ መተላለፊያው ላይ እጅጌዋን ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሥራ አንድ ቀን ባይዘገይስ ኖሮ?»

ሐኪሟ አየቻቸው። ሳትገምት አልቀረችም። «ዕጢው የዓመታት ነው፣ እማማ። ያ አሥራ አንድ ቀን አላመጣውም። ያ ትኩሳት ግን ከመዘግየት የመጣ ነው። ሊገድለው ነበር።»

እሺ ብለው ተመለሱ። ለሐና አልነገሯትም። ለሽመክትም አልነገሩትም። ለንስሐ አባታቸው እንኳ፣ «በሐሰት ተናግሬአለሁ» ብለው በደፈናው አለፉት።

ሁዳዴ ሲጋመስ ሽመክት አገሬ ልግባ አለና ወደ እማማ ጌታነሽ ቤት ተመለሰ። ቀን ቀን ከደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በርኖሱን ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ለሥራ ባልደረቦቹም ይደውላል። አንዱ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይዘጋል። ሌላው «አንተ እኛን ልታስፈራራ ነው የታመምከው?» ይላል። ከሁሉም የሚያብከነክነው ይታየው ነው። ይታየው ቀየት የምትባል አገር ልጅ ነው፤ ከሽመክት በአምስት ዓመት ያንሳል፤ ሥራውን ያስገባውም ያስተማረውም ሽመክት ነው። ስልኩን አያነሳም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ደመናማ ከሰዓት፣ ይታየው ራሱ በእግሩ መጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዟል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«እንዴት ነህ ጋሼ ሽመክት? ወፍረሃል እኮ!»

«ውሸታም። ና ተቀመጥ። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለመነጽር የሆንከው? ፊልም ልትሠራ ነው?»

«አቧራው ነው…»

እማማ ጌታነሽ ከቤት ብቅ አሉ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አንገቱ ላይ የተጫረ ቁስል አለ፤ የእጁን መዳፍ እያከከ ነው።

«ያችን መስታወት አውልቃት እስቲ» አሉት። «ፀሐይዋ ከገባች ቆይታለች።»

«እማማ፣ ዓይኔን አሞኝ…»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቀ። ዓይኑ ቢጫ ነው። ሽመክት የያዘውን ብርቱካን መሬት አስቀመጠ።

«መቼ ጀመረህ?» አለው።

«ከሆሳዕና ወዲህ።» ይታየው አንገቱን ደፋ። «አሠሪያችን ያንተን በሽታ የመጠጥ ነው ይላል። ‹ጠጪ አላኖርም› ብሏል። ይህን ዓይን ካየ በማግስቱ ነው የሚያባርረኝ። እናቴም እጄን ነው የምታየው። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ አሉ፤ የወይዘሮ አማከለች ቤት በየት በኩል ነው?»

«እኔ በመድኃኒታቸው አልዳንኩም እኮ፣ ይታየው» አለ ሽመክት።

«አንተ መቼ ጨረስክና! ገበያው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ መርፌ አስነክተው መድኃኒቱን ሰበሩት ነው የሚሉት። እኔ አሥራ አራቱንም እጨርሳለሁ። ቢገድሉኝ መርፌ አልነካም።»

እማማ ጌታነሽ ሽመክት አንድ ነገር እንዲል ጠበቁ። እሱ ግን ወደ ጋራው እያየ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ማን ያውቃል» አለ። «እኔም አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ጨርሼው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።»

አያቱ የባለቤታቸውን ቃል አስታወሱ። የሞቱት ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ በግ ያረቡ ሰው ነበሩ። የጋራ ግጦሽ ላይ በጉ ሲያስል ሰምቶ ዝም ያለ ሰው፣ የጎረቤቱን በረት በእጁ እንዳረደ ይቆጠራል ይሉ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ አይቆሙለትም። እማማ ጌታነሽ ዝም ብለው ይታየውን መንገዱን ቢያሳዩት ማንም አይከሳቸውም። ሽመክትም እስኪሞት ድረስ ይወዳቸዋል። የቀረው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ልጅ፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ ቢጠላቸውስ? ይህን ፍርሃት የሚያህል ፍርሃት አይተው አያውቁም።

«መንገዱን አላሳይህም» አሉ። «መርፌ አይደለም የሰበረው። መርፌ ከመንካቱ በፊት ነው በትኩሳት የተቃጠለው። አሥር ቀን አንድ ጉንጭ ሳላስቀር በእጄ አጠጥቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን መሄድ ነበረበት። ሪፈሩ አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ይታየው ሁለቱንም ተራ በተራ አየ።

«ከባናው ሥር አገኘሁት ብለውኝ ነበር» አለ ሽመክት።

«ብዬህ ነበር።»

«የት ነበር?»

«ዳዊቴ ውስጥ።»

ከዚያ የተናገረው እሳቸው ያልጠበቁትን ነው። «እኔ እኮ አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ነበር፣ እምዬ። ኪሴ እንደከተትኩት አውቃለሁ፤ ግን የለም። በሽታው ራሴ ላይ ወጣ ብዬ፣ ማታ ማታ የሐናን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የማሽኑን ክፍሎች እየቆጠርኩ ራሴን እፈትን ነበር። ትኩሳቱን እንዲያ አልፈራሁትም። እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።»

«አይህ ነበር፣ ልጄ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ማታ አጥሚት ሠርተው ቢያቀርቡለት አልነካውም። ይታየው በጉርሻ ሊለምነው ሞከረ፤ አልሆነም። ጠዋት ሐና ከመሐል ሜዳ መጣች፤ ሰምታ አለቀሰች፤ አያቷንም አልተቆጣችም፤ ይህ ከቁጣ ይልቅ አመማቸው። ሽመክት ለእኅቱ፣ አያቱ እየሰሙ፣ «እምዬን በያቸው፣ ከይታየው ጋር ይሂዱ» አላት። «እሱን አውቀዋለሁ። ሰልፉን ሲያይ ይጠፋል። አንቺ እኔ ጋ ቆዪ።»

በቀጥታ ግን አላናገራቸውም።

በማግስቱ ሚኒባሱ ጓሳን አቋርጦ ደብረ ብርሃን እስኪገባ እማማ ጌታነሽ የይታየውን ጃኬት ጫፍ አልለቀቁም። ሆስፒታሉ በር ላይ «ውሃ ልግዛ» አለ። «መጀመሪያ ካርድ» አሉት። ካርድ ወጣ። «ስልክ ልደውል።» «እዚሁ ደውል፤ ሚስጥርህን አልሰማም፤ ጆሮዬ ደክሟል።» ሰልፉ ውስጥ ከፊታቸው የነበረች ሴት ሳቀች። እሳቸው ግን ሰልፉን ትተው ሦስት ጊዜ የነርሷን በር አንኳኩ።

«እማማ፣ ተራ ይጠብቁ እንጂ!»

«እጠብቃለሁ፣ ልጄ። ዓይኑን ብቻ እይልኝ። የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ማጠቢያ በበርሜል ነው የሚመጣላቸው። ጻፊው፣ መስኮት የለውም ብለሽ ጻፊ።»

«ልጅዎ ነው?»

«የሰው ነው። እናቱ ቀየት ናት።»

ነርሷ የይታየውን ዓይን አየች፤ ከዚያ ወዲያ ተራ አልተባለም። ደሙን ወሰዱ። በማሽን አዩት። ከሰዓት በኋላ መውረጃው መጥበቡን ነገሩት፤ ምን እንዳጠበበው ለማወቅ ነገ በጠዋት በአምቡላንስ አዲስ አበባ እንደሚልኩት፣ ዛሬ እዚሁ እንደሚተኛ ነገሩት። ዕጢ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም። ይታየው እንደ ሕፃን ከንፈሩን ነክሶ፣ «እማማ፣ እናቴን ማን ይነግራታል?» አለ።

«እኔ እነግራታለሁ። ውሸት ሳልጨምርበት እነግራታለሁ።»

ተኝቶ መታከሚያ ክፍል እስኪገባ ቆሙ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ። የሐና መስሏቸው አነሱት።

«ገባ?» አለ ሽመክት።

ከትናንት በስቲያ ወዲህ ለእሳቸው የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። እማማ ጌታነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ገባ። አልጋ ይዟል። ነገ አዲስ አበባ ይልኩታል።»

«አልፈራም?»

«ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ። ሽመክት፣ ልጄ፣ እኔ…»

«እሱን ሲመጡ» አለ። ድምፁ የደከመ ነው፤ አልለዘበም፤ አልከረረምም። «ሐና ሾርባ ሠርታ ነበር። ጨው አብዝታዋለች፤ መዋጥ አቃተኝ። መቼ ነው የሚመጡት?»

«የይታየው እናት ጋ ደርሼ፣ ነገ ከሰዓት። ነገ ከሰዓት እገባለሁ።»

«እሺ» አለ ሽመክት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እማማ ጌታነሽ ከጆሯቸው አላነሱትም። ነርሷ መጥታ፣ «እማማ፣ የሚያድሩበት አለዎት?» ብላ እስክትጠይቃቸው ድረስ እንደዚያው ተቀምጠው ነበር።